ፌስታል መጥፎ ነው ማለት ክርክር አይደለም

የካምፓስ የመጀመሪያ ዓመት ላይ ከእንግሊዝኛ ኮርሱ ጋር አንድ ሥራ ይመጣል። ምንጭ እየጠቀሳችሁ የምትከራከሩበት ድርሰት ጻፉ ትባላላችሁ፤ ብዙ ጊዜ አራት አምስት ገጽ ነው። “ርዕሱን ራሳችሁ ምረጡ” ሲባል ክፍሉ ደስ ይለዋል። ጣጣው ግን ከዚያው ይጀምራል።

እኔ ጋ ከስድስት ኪሎና ከአራት ኪሎ ተማሪዎች “እስኪ እይልኝ” እየተባለ ብዙ ረቂቅ ይመጣል። ስህተቶቹ ይመሳሰላሉ። ርዕስ እየቀያየርኩ ከማደናግራችሁ ሁሉንም በአንድ ርዕስ ላይ ላሳያችሁ። ርዕሳችን ፌስታል ነው።

ማንም በማይቃወመው ነገር መከራከር

“የፕላስቲክ ብክለት አካባቢን ይጎዳል።” ይህችን ቴሲስ (ድርሰቱ የሚከራከርለት ዋና ሐሳብ) ብሎ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ብዙ ነው። እስኪ ከፒያሳ ስድስት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ጮክ ብላችሁ ተናገሯት። የሚቃወማችሁ አለ? ወያላው ራሱ “እውነት ነው” ብሎ ሒሳብ መሰብሰቡን ይቀጥላል። ተቃዋሚ ከሌለ ክርክር የለም።

አሁን ደግሞ ይህን በሉ፦ “ፌስታልን ከአዲስ አበባ ለማስወጣት ቅጣቱ ከሸማቹና ከባለ ጉልቷ ይልቅ በአምራቹና በአስመጪው ላይ መበርታት አለበት።” ታክሲው ይሞቃል። አንዱ “ገዢ ከሌለ ማን ያመርታል?” ይላችኋል። ሌላዋ “ታዲያ ሁሉም በየሜዳው ሲጥል ዝም ይባል?” ትላለች። ይሄ ቴሲስ ነው። አስተዋይ ሰው በወዲያኛው በኩል ቆሞ ሊሞግታችሁ ይችላል። ረቂቅ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምፈልገው ያንን ሰው ነው። እሱ ከሌለ ሁለተኛውን ገጽ ማንበብ ድካም ነው።

የወጣውን ሕግ “ይውጣ” ማለት

“መንግሥት ፌስታልን የሚመለከት ሕግ ሊያወጣ ይገባል” ብለው የሚጨርሱም አሉ። ሕጉ እኮ አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ፣ ቁጥሩ 513፣ ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ስስ ፌስታሎች ላይ ገደብ ጥሏል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ፌስታልን የሚከለክል አዲስ አዋጅ አጽድቋል። አስተማሪው ይህን ካወቀ፣ ድርሰታችሁ የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ አለቀለት።

ርዕሱ ሞተ ማለት አይደለም። እንዲያውም ጣፈጠ። ስስ ፌስታል ከ1999 ጀምሮ ገደብ ተጥሎበት ሳለ ለምን በየሱቁ ሲታደል ኖረ? ቁጥጥሩ ነው የላላው? ምትክ ነው የጠፋው? የዋጋ ጉዳይ ነው? አዲሱስ ከአሮጌው ዕጣ በምን ይተርፋል? እነዚህ ላይ አምስት ገጽ ቢጻፍ አይበቃም። ስለዚህ ቴሲስ ከመጻፋችሁ በፊት “በዚህ ጉዳይ ላይ አሁን ያለው ሕግ ምን ይላል?” ብላችሁ ፈልጉ። አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል።

ሁለቱ 2017

ይሄኛው የእኛ አገር ስህተት ነው፤ የውጭ አገር የድርሰት መጻሕፍት ውስጥ አታገኙትም። ኬንያ ፌስታልን የከለከለችው በ2017 ነው። እኛም አዲሱን አዋጅ ያጸደቅነው በ2017 ነው። አንዱ ተማሪ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ “ሁለቱ ጎረቤታሞች በአንድ ዓመት ከለከሉ” ብሎ ቢጽፍ ላይ ላዩን ያምራል። ግን የኬንያው 2017 በፈረንጆቹ ነው፤ ወሩ ኦገስት፣ በእኛ ነሐሴ 2009 ነበር። የእኛው 2017 ደግሞ በእነሱ 2025 ነው። በመካከሉ ስምንት ዓመት አለ። ክርክሩም ይገለበጣል፤ “አብረን ጀመርን” የሚለው ቀርቶ “ከእነሱ ስምንት ዓመት ምን ተማርን?” ይሆናል። ሩዋንዳማ በፈረንጆቹ 2008 ላይ ነው የከለከለችው።

ነጋሪት ጋዜጣን ገልጣችሁ እዩ። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ታትመዋል። ያው አንዱ አዋጅ በአማርኛው 513/1999፣ በእንግሊዝኛው 513/2007 ነው። ድርሰቱ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የፈረንጁን ተጠቀሙ፣ እስከ መጨረሻውም በእሱ ጽኑ። ስትቀይሩ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ደምሩ። የበጀት ዓመት ሲመጣ ደግሞ ተጠንቀቁ። የእኛ በጀት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር የ2016 በጀት ዓመት በእነሱ 2023/24 ተብሎ ነው የሚጻፈው፣ በሁለት ዓመት ላይ ተንጠልጥሎ።

ቁጥር ላይ ካነሳን አይቀር፣ የአዲስ አበባ ሕዝብ ስንት ነው? አንዱ ምንጭ 2.7 ሚሊዮን ይላል፣ ሌላው ከእጥፍ በላይ። የመጀመሪያው የ1999ኙ ቆጠራ ነው፤ ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። የቀረው ሁሉ ትንበያ ነው። ትንበያን መጠቀም ይቻላል፣ ግን ትንበያ መሆኑን፣ የማን እንደሆነና የየትኛው ዓመት እንደሆነ ጻፉ። “በአንድ ሰው በዓመት ይህን ያህል ፌስታል” የሚል ስሌት ስትሠሩ ታችኛው ቁጥር የተሳሳተ ከሆነ ላይኛው ቢስተካከል ምን ዋጋ አለው?

ምንጭ ማለት መጀመሪያ የተገኘው ሊንክ አይደለም

ቴሌግራም ላይ የሚዞር ፒዲኤፍ፣ ደራሲው የማይታወቅ፣ ዓመት የሌለው። ቲክቶክ ላይ በልበ ሙሉነት የሚናገር ወጣት። እነዚህ ሐሳብ ሊሰጧችሁ ይችላሉ፤ ማስረጃ ግን አይሆኑም። ዊኪፒዲያም እንደዚያው ነው፣ እሱ ግን ቢያንስ ገጹ ግርጌ ላይ ምንጮቹን ይዘረዝራል። እነዚያን ተከትላችሁ ሂዱ። ጋዜጣ ስለ አዋጅ ከጻፈ አዋጁን ፈልጉ። አዋጁ ላይ ያልተጻፈ ነገር ጋዜጣው ላይ ስታገኙ አትገረሙ።

መሃል ከተማ መሆን እዚህ ላይ ይጠቅማል። አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ። ስድስት ኪሎ ግቢ ውስጥ የኬኔዲ ቤተ መጻሕፍትና በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም አሉ። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ። ብዙው ተማሪ አብርሆት የሚሄደው ለዋይፋይና ለፎቶ ነው (አልፈርድም፣ ቤቱ ያምራል)። ካልቀረ ግን ሠራተኞቹን “ስለዚህ ጉዳይ ምን አለ?” ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ስልካችሁ ላይ የማታገኙትን ያሳዩዋችኋል።

ራሳችሁ ሄዳችሁ ባለ ጉልቶችን ብታናግሩ ደግሞ ደስ ይለኛል። እንዲህ ያለው ነገር ድርሰቱን ሕይወት ይሰጠዋል። ብቻ ሦስት ሴቶች አናግራችሁ “የአዲስ አበባ ነጋዴዎች ክልከላውን ይቃወማሉ” ብላችሁ አትጻፉ። “ያናገርኳቸው ሦስት ባለ ጉልቶች ይህን አሉ” በሉ። ስትሄዱ ተማሪ መሆናችሁንና ለምን እንደምትጠይቁ ንገሯቸው፣ ስማቸውን ተዉት። ቲማቲም መግዛትም አይከፋም፤ የሰው ገበያ ዘግታችሁ ቆማችሁ ነው የምታወሩት።

ተቃዋሚን አሳንሶ መምታት

ትልቁ ስህተት ይሄ ይመስለኛል። አስተማሪው “የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ አካትቱ” ስላለ ብቻ አንድ አንቀጽ ይገባል። “አንዳንድ ሰዎች ፌስታል ጥሩ ነው ይላሉ፤ ግን ተሳስተዋል።” ማነው እንዲህ የሚለው? እንዲህ የሚል ሰው የለም። ራሳችሁ ፈጥራችሁ ራሳችሁ ጣላችሁት።

እውነተኛው ተቃዋሚ ሌላ ነው የሚለው። ሥጋና እርጥብ ጎመን በወረቀት አይያዝም። ክረምት ላይ ወረቀቱ መንገድ ላይ ይቀደዳል። ምትኩ ውድ ነው፣ ዋጋውም የሚያርፈው ገዢው ላይ ነው። ፋብሪካው ውስጥ የሚሠራው ልጅ ደመወዙ ከዚያ ነው።

ከዚህም የከበደ አለላችሁ። የእንግሊዝ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በፈረንጆቹ 2011 አንድ ጥናት አሳትሟል። ለአንድ ጊዜ ብቻ ከሚያገለግል ተራ ስስ ፌስታል ጋር ሲነጻጸር፣ በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና እንዲያንስ የወረቀት ከረጢት 3 ጊዜ፣ የጥጥ ቦርሳ ደግሞ 131 ጊዜ መያዝ አለበት ይላል። አሁን ምን ትሉታላችሁ?

ብዙዎች ይህን ሲያገኙ ይደብቁታል፤ “ክርክሬን ያፈርስብኛል” ብለው። እኔ ግን ጽሑፉ ውስጥ መሃል ላይ አስቀምጡት እላለሁ። ከዚያ በረጋ መንፈስ መልሱ። አንደኛ፣ ያ 131 የሚለካው የአየር ንብረትን ጫና ነው። ቱቦ መድፈኑን፣ ወንዝ ዳር መከመሩን፣ ከብት መዋጡን አይለካም። የአዲስ አበባ ጣጣ ደግሞ በአብዛኛው እሱ ነው። ሁለተኛ፣ 131 ሲሰማ ያስደነግጣል እንጂ በሳምንት ሁለቴ ገበያ የምትወጣ ሴት በአንድ ዓመት ከሦስት ወር ገደማ ትጨርሰዋለች። ሦስተኛ፣ ጥናቱ የተሠራው ለእንግሊዝ ሱፐርማርኬት ነው። ዘንቢል ከጥጥ አይሠራም፤ ስለዚህ 131ን አንስቶ ዘንቢል ላይ መለጠፍ አይቻልም፣ ለእናንተ ሲመችም ሳይመችም።

አያችሁ? ቁጥሩን አልካድንም፣ አልሸሸነውም። የሚናገረውንና የማይናገረውን ለየን። አንባቢውም “ይሄ ልጅ አይዋሽም” ብሎ የቀረውንም ያምናችኋል።

ስሜት መቆንጠጥም እዚሁ ይገባል። የቆሻሻ ጉዳይ ሲነሳ በ2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የደረሰውን አደጋ መግቢያ ላይ የሚያመጡ አሉ። ከመቶ በላይ ሰው ያለቀበት ነገር ነው፤ ማንም ያዝናል። ግን ያ የቆሻሻ ክምር መደርመስ ነው። ቴሲሳችሁ የፌስታል ቅጣት ማን ላይ ይረፍ የሚል ከሆነ፣ የሰው ሐዘን ለማስለቀሻ ብቻ መጣ ማለት ነው። ተዉት።

ከክልከላው በኋላ የሆነ ሁሉ በክልከላው አልሆነም

ኬንያ እስከ 4 ሚሊዮን ሽልንግ ቅጣት ወይም እስከ አራት ዓመት እስር አወጣች። ከዚያ አንድ ጎብኚ “ናይሮቢ ጸዳች” ብሎ ጻፈ። በቅጣቱ ነው? በጽዳት ሠራተኛ ነው? ጎብኚው ያየው የትኛውን ሰፈር ነው? በዚሁ ዓመት ሎጂክ ኮርስ ላይ የዚህን ስህተት ስም ሸምድዳችሁ ፈተና ላይ ጽፋችኋል። ድርሰት ላይ ሲመጣ ግን የሚያስታውሰው የለም።

ጥቅስ መከመር

ገጹ ግማሹ በትምህርተ ጥቅስ የተዘጋ ከሆነ የምታወሩት እናንተ አይደላችሁም። ጥቅስ ካስገባችሁ በኋላ ቢያንስ ሁለት ዓረፍተ ነገር የራሳችሁን ጻፉ፤ ይሄ ለምን እንደመጣ፣ ከቴሲሱ ጋር ምን እንደሚያገናኘው። ቃል ከቃል መጥቀስ የሚገባው አባባሉ ራሱ ሲመዝን ነው፣ ለምሳሌ የአዋጅ አንቀጽ ሲሆን። ሌላውን በራሳችሁ አባባል አሳጥሩት። ምንጩ ግን ያኔም ይጠቀሳል! “ቃሉን ቀይሬዋለሁ” ማለት አያድንም።

በየግቢው በር አካባቢ ምሰሶ ላይ “አሳይመንት እንሠራለን” የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ስለ እሱ የምለው ትንሽ ነው። የሚሸጡላችሁን ለሌላም ሸጠውታል። ቻትጂፒቲ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው። ምንጭ ስጠኝ ስትሉት የሚያምር ደራሲ፣ የሚያምር የጆርናል ስም፣ ከነ ገጹ ይሰጣችኋል፤ ሄዳችሁ ስትፈልጉት ግን አንዳንዱ የለም። በዓይናችሁ ገልጣችሁ ያላያችሁትን ምንጭ ዝርዝራችሁ ውስጥ አታስገቡ።

የሐበሻ ስም

ኤምኤልኤ እና ኤፒኤ የሚባሉት የምንጭ አጠቃቀስ ደንቦች የተሠሩት የቤተሰብ ስም ላለው ሰው ነው። የእኛ ሁለተኛ ስም የአባት ነው። በአባቱ ስም ስትጠቅሱት አባቱ ጻፈው ማለት ይመስላል፣ በራሱ ስም ስትጠቅሱት ደግሞ አንዳንድ አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ ያነሳል። በኢትዮጵያ ጥናት ዙሪያ የሚጽፉ ብዙ ምሁራን በራሱ ስም ይጠሩታል፣ እኔም ልክ ነው እላለሁ። ዋናው ግን አስተማሪያችሁን አስቀድሞ መጠየቅ፣ ከዚያ አንዱን ይዞ መዝለቅ ነው።

“የሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት”

የመጨረሻው አንቀጽ ላይ ስንደርስ ሁላችንም የዜና አንባቢ እንሆናለን። “መንግሥትና የሚመለከታቸው ባለድርሻ አካላት በትኩረት ሊሠሩበት ይገባል።” ማን? ምን? ከየት ጀምሮ? አምስት ገጽ የተከራከራችሁት ቅጣቱ አምራቹ ላይ ይበርታ ብላችሁ ከሆነ፣ መጨረሻው ላይ ማን ፋብሪካውን ይፈትሽ፣ ባለ ጉልቷ እስከዚያ በምን ትሽጥ የሚለውን ተናገሩ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አዲስ ማስረጃም እዚያ አታምጡ።

ስትጨርሱ ፋይሉን ፒዲኤፍ አድርጉት፤ ፕሪንት ቤት ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ተቀይሮ አምስቱ ገጽ ሰባት ሆኖ ይወጣል። ፍላሽ ላይ ብቻም አታስቀምጡት፣ የፕሪንት ቤት ቫይረስ አይምርም። ለራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ላኩት። ደግሞ በማስረከቢያው ቀን ጠዋት ወረፋው እስከ በር ነው፤ በዋዜማው አሳትሙት።