ጉብታውን እያያችሁ ማጣሪያውን አትነካኩ

አዳማ ላይ የሰርንን (በጄኔቫ አቅራቢያ ያለው የቅንጣት ፊዚክስ ቤተ ሙከራ) ክፍት ዳታ ይዘው እንግዳ ቅንጣት የሚፈልጉ ተማሪዎችን አግዛለሁ። ትጋታቸውን እወድላቸዋለሁ። አንድ ስህተት ግን አዲስ ቡድን በመጣ ቁጥር አብሮ ይመጣል፤ ዘንድሮ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

በየመጠነ ቁሱ ስንት ክስተት እንዳለ የሚያሳየው ሂስቶግራም ላይ ትንሽ ጉብታ ይታያል፤ አዲስ ቅንጣት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ማጣሪያውን፣ ማለትም የትኛው ክስተት እንደሚቆጠር የሚወስኑትን ገደቦች፣ ይነካካሉ። የሙዮኑን (የኤሌክትሮን ከባድ ዘመድ የሆነ ቅንጣት) ገደብ ከፍ ሲያደርጉት ጉብታው ያድጋል። ሌላ ገደብ ዝቅ ሲያደርጉ ደግሞ ይሾላል። እንዲህ ሲነካኩ ከርመው "አገኘን!" ብለው ይደውላሉ። ኧረ ልጆች፣ ምንም አላገኛችሁም! ለጉብታው የሚመቹትን ክስተቶች አስቀርታችሁ የማይመቹትን ጣላችሁ። በዚህ አካሄድ ምንም ከሌለበት ዳታም ጉብታ ይወጣል። ማጣሪያውን በሲሙሌሽንና ከምትፈልጉበት ቦታ ግራና ቀኝ ባለው ዳታ ወስኑ። መሃሉን ሸፍኑት። ሁሉም ሲያልቅ ግለጡት፤ ከዚያ ወዲያ መነካካት የለም።

ነገሩ ትልልቆቹንም አሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ቴታ ፕላስ የተባለ ፔንታኳርክ (ከአምስት ኳርኮች የተሠራ ቅንጣት) 1540 ሜጋ ኤሌክትሮንቮልት መጠነ ቁስ አካባቢ ታየ ተባለ። አስር የሚሆኑ ቡድኖች "እኛም አይተነዋል" አሉ። የአብዛኞቹ ክስተት ጥቂት ነበር፤ ማጣሪያውም በየቡድኑ ይለያይ ነበር። በ2005 የአሜሪካው ጄፈርሰን ላብ እጅግ የበዛ ዳታ ሰብስቦ ሲያይ ጉብታው የለም።

የት የት እንደፈለጋችሁም አትርሱ። መቶ ቦታ ካያችሁ አንዱ ጋ ጉብታ ቢወጣ አይገርምም። በ2015 መጨረሻ የሰርኑ አትላስ ሙከራ 750 ጊጋ ኤሌክትሮንቮልት ላይ ያየው ጉብታ ለብቻው ሲታይ ከሦስት ሲግማ በላይ ነበር (ሲግማው በበዛ ቁጥር የአጋጣሚ የመሆን ዕድሉ ያንሳል)። የፍለጋው ስፋት ሲታሰብ ወደ ሁለት ገደማ ወረደ። በ2016 ተጨማሪ ዳታ ሲመጣ ጠፋ።

ካዎንና ፒዮን መጠነ ቁሳቸው የተለያየ ቅንጣቶች ናቸው፤ ካዎኑን በስህተት ፒዮን ብላችሁ ከቆጠራችሁትም የውሸት ጉብታ ይወጣል። በሁለቱም ግምት አስሉት።

ጥላን፣ ማለትም ሌላ ቅንጣት የሚጥለውን የውሸት ጉብታ፣ ከእውነተኛ ቅንጣት መለየት ግን ከባድ ነው። ሌላው የሰርን ሙከራ ኤልኤችሲቢ በ2015 ፔንታኳርክ ያየው ላምዳ ቢ የተባለ ከባድ ቅንጣት ወደ ጄ/ፕሳይ (ወደ ሁለት ሙዮን ሊፈርስ የሚችል ቅንጣት)፣ ፕሮቶንና ካዎን ሲፈርስ ነው፤ ጉብታው የወጣው በጄ/ፕሳይና በፕሮቶኑ የጋራ መጠነ ቁስ ላይ ነው። ፕሮቶኑና ካዎኑ ቀድሞ ከሚታወቁ የላምዳ ቅንጣቶችም ይመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ በዚሁ መጠነ ቁስ ላይ ያጠላሉ። ስለዚህ ቡድኑ ሁሉንም ባንድ ላይ ተነተነ። እናንተም አንድ ሂስቶግራም አይታችሁ አትፍረዱ። "አንድ ቅንጣት ነው" ለማለትም አትቸኩሉ፤ 4450 ሜጋ ላይ አንድ የመሰለው በ2019 ዘጠኝ እጥፍ ዳታ ሲገኝ 4440 እና 4457 ላይ ሁለት ሆኖ ወጣ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን በሁለት ሙዮን ጄ/ፕሳይን ፈልጉ። 3.097 ጊጋ ላይ ካልወጣ ኮዳችሁ ችግር አለበት፤ መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።