ለኑሮ ወደ ሌላ አገር የሚሄድ አሽከርካሪ ስለ መንጃ ፈቃድና ስለ ወጪው ማወቅ የሚገባው

የውጭ መንጃ ፈቃድ ይዞ ማሽከርከር ለጎብኚና ለነዋሪ በአንድ ዓይን አይታይም። ለአጭር ጊዜ የመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ በአገሩ ፈቃድ መንዳት ሲችል፣ ነዋሪ የሆነ ሰው ግን የጊዜ ገደብ ይጣልበታል። ለምሳሌ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና (ከአውሮፓ ኅብረት አገሮች፣ ከኖርዌይ፣ ከአይስላንድና ከሊክተንስታይን) ውጭ የተሰጠ ፈቃድ በጀርመን የሚያገለግለው ነዋሪነት ከተጀመረ አንሥቶ በመደበኛነት ለ6 ወር፣ በብሪታንያ ደግሞ ለ12 ወር ነው። ስለዚህ ነዋሪ የሆኑበትን ቀን መዝግበው ይያዙ፤ በፈቃዱ ላይ የተጻፈው የማብቂያ ቀን ገና ቢሆንም እንኳ ገደቡ አይራዘምም።

ብዙዎችን የሚያሳስተው ዓለም አቀፉ መንጃ ፈቃድ ነው። ይህ ሰነድ የዋናው ፈቃድ ትርጉም እንጂ ራሱን የቻለ ፈቃድ ስላልሆነ፣ ያለ ዋናው ዋጋ የለውም። በ1949 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ለ1 ዓመት፣ በ1968 እ.ኤ.አ. የቪየና የመንገድ ትራፊክ ስምምነት መሠረት የሚሰጠው ደግሞ ቢበዛ ለ3 ዓመት ያገለግላል። የሚወጣው ዋናውን ፈቃድ ከሰጠው አገር በመሆኑ ከመነሣትዎ በፊት ይጨርሱት። የፈቃዱን ትክክለኛነት የሚያረጋግጥ ደብዳቤና ያለ አደጋ የነዱባቸውን ዓመታት የሚገልጽ የመድን ድርጅት ማስረጃም አብረው ያውጡ፤ ከሄዱ በኋላ በርቀት ማስፈጸሙ አድካሚ ነው።

ፈቃዱን ያለ ፈተና መቀየር ይቻል እንደሆነ የሚወስነው በአብዛኛው ፈቃዱን የሰጠው አገር እንጂ የእርስዎ ዜግነት አይደለም። በሁለቱ አገሮች መካከል ስምምነት ከሌለ የጽሑፍና የተግባር ፈተና መውሰድ ግድ ይሆናል። ለረጅም ዓመታት የነዳ ሰው ልምምድ ሳያደርግ ለተግባር ፈተና ባይቀርብ ይሻለዋል፤ መስታወት ሳያዩ መታጠፍን የመሰለ የቆየ ልማድ ጀማሪው የማይሠራውን ስሕተት ያሠራልና። ፈተናውን መድገም ደግሞ ሁለተኛ ክፍያና ሌላ ወረፋ ማለት ነው።

የወጪው ስሌት መጀመር ያለበት መኪና ከመግዛት በፊት ነው። የመግዣው ዋጋ አንድ ጊዜ የሚከፈል ሲሆን መድን፣ ግብር፣ የቴክኒክ ምርመራ፣ ማቆሚያ፣ ነዳጅና ጥገና ግን የሚደጋገሙ ናቸው። በተለይ የአገሩ ፈቃድ አዲስ የሆነበት ሰው የመድን ክፍያው ሊከብደው ስለሚችል፣ የመኪናውን ዓይነት ጠቅሶ ዋጋ መጠየቅ ያለበት ውል ከመፈረሙ አስቀድሞ ነው። የቤት ኪራይም ከዚህ ጋር አብሮ ይታሰብ። ከሥራ ቦታ ርቆ የሚገኝ ርካሽ ቤት፣ መኪና የግድ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ የወሩ የመኪና ወጪ ሲደመርበት በሕዝብ ትራንስፖርት አጠገብ ካለው ውድ ቤት ሊበልጥ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት የኪራይ ማስያዣና የቤት ዕቃ ገንዘቡን ስለሚሻሙት፣ ለመኪና የታሰበው እስከዚያ ቢቆይ ይመረጣል።

የተፈቀደው ጊዜ ካለፈ በኋላ ማሽከርከር ቅጣት ከማስከተሉ በላይ፣ አደጋ ሲደርስ የመድን ድርጅቱ ካሳውን ከአሽከርካሪው ኪስ እንዲያስመልስ በር ሊከፍት ይችላል። ስለዚህ የመቀየሪያውን ማመልከቻ ገደቡ ሲቃረብ ሳይሆን ነዋሪነትዎ እንደተመዘገበ ያስገቡ።