ሳሙናው ከውጪ ይቅር

ሴቶች፣ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ብልታችን ውስጡን ራሱ ያጸዳል። እዚያ የሚኖሩት ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ላክቲክ አሲድ እያመረቱ ፒኤቹን፣ ማለትም የአሲድነት መለኪያ ቁጥሩን፣ ከ3.8 እስከ 4.5 ያቆዩታል፤ ጎጂዎቹ እንደልባቸው አይራቡም። ሳሙና ወደ ውስጥ ከገባ ይሄ ሁሉ ይናጋል። እኔ ራሴ ሽታ እንዳይኖር ብዬ ሽቶ ባለው ሳሙና ስፈትግ ከርሜ ያተረፍኩት ማሳከክ ነው! ውጪውን ብቻ ለብ ባለ ውሃ ታጠቡ፤ ከዚያ ሳትፈትጉ በንጹህ ፎጣ ጫን ጫን አድርጋችሁ አድርቁ። ሽንት ቤት ስትጠቀሙ ከፊት ወደ ኋላ ጥረጉ፤ በተቃራኒው ከሆነ የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ሽንት ቧንቧ ይሻገራል። የውስጥ ሱሪ ጥጥ ቢሆን ይመረጣል። ነጣ ያለ ፈሳሽ አያስደንግጣችሁ። የዓሣ ሽታ ካመጣ ወይም እንደ አይብ ከተቋጠረ ግን ሐኪም ይየው።