ዩኤስዲቲው አለ፣ አልላክም አለ

ኮዬ ፈጬ፣ እኛ ብሎክ ውስጥ፣ በኦንላይን ሥራ የሚተዳደሩ ልጆች በዝተዋል። ብዙዎቹ የሚከፈላቸው በዩኤስዲቲ፣ ማለትም ዋጋው ከዶላር ጋር እኩል እንዲሆን በተሠራ ክሪፕቶ ነው። ማታ በሬን ሲያንኳኩ የሚያመጡልኝ ጥያቄ ያው የመላኪያ ክፍያ ነው።

"60 ዩኤስዲቲ አለኝ፤ ልላክ ስል በቂ ሂሳብ የለህም ይለኛል።"

ምክንያቱ፦ ዩኤስዲቲ የራሱ መንገድ የለውም። በሌላ የክሪፕቶ ኔትወርክ (ብሎክቼይን) ተሳፍሮ ነው የሚሄደው፤ የመላኪያ ክፍያውም በአብዛኛው የሚከፈለው በዚያ ኔትወርክ ሳንቲም ነው። በትሮን ከሆነ በቲአርኤክስ፣ በኢቴሪየም ከሆነ በኢቴር። ከቱሉ ዲምቱ ጤፍ ይዛችሁ ታክሲ ብትገቡ ረዳቱ ሂሳቡን በጤፍ አይቀበላችሁም።

መፍትሄው፦ በትሮን የምትልኩ ከሆነ ዋሌታችሁ (ክሪፕቶ የምትይዙበት መተግበሪያ) ውስጥ ሁሌም ቲአርኤክስ ይኑር። መጠኑ እንደ ተቀባዩ ነው። የተቀባዩ አድራሻ ላይ ዩኤስዲቲ ካለ መላኩ 65,000 ገደማ ኢነርጂ ይበላል፤ ኢነርጂ ትሮን የመላኩን ሥራ የሚለካበት ነው፣ ከሌላችሁ በቲአርኤክስ ይከፈላል። ከሌለ 130,000 ገደማ፣ ማለትም እጥፍ። 10 ዶላርም ላኩ 1,000 ዶላር፣ ልዩነት የለውም። ስለዚህ አጠራቅሞ አንዴ መላክ ያዋጣል።

"ክፍያው ተቆረጠ፣ ገንዘቡ ግን አልሄደም።"

ብዙ ጊዜ ጋዙ (የኢቴሪየም የሥራ መለኪያ) ወይም ኢነርጂው መሃል ላይ አልቆ ነው። ዩኤስዲቲው እናንተው ጋ አለ፤ ክፍያው ግን አይመለስም። ዋሌቱ ያስቀመጠውን የጋዝ ገደብ አትቀንሱ።

"ላክ እንዳልኩ መብራት ሄደ፣ ኔትወርክም ጠፋ።"

እኛ ሰፈር የተለመደ ነው። ቸኩላችሁ ድጋሚ እንዳትልኩ። ኔትወርክ ሲመለስ አድራሻችሁን ትሮንስካን (በትሮን የተላከው ሁሉ የሚታይበት ድረ ገጽ) ላይ ፈልጉ። ተሳክቷል ካለ ሄዷል። ሁለቴ ከላካችሁ ተቀባዩ ራሱ ካልመለሰላችሁ በቀር የሚመልስ የለም።

"ገንዘብሽ እንዲለቀቅ መጀመሪያ ክፍያ ላኪ አሉኝ።"

ይሄኛው የቴክኒክ ችግር አይደለም፤ ሌብነት ነው። አንዲት ጎረቤቴ የእቁብ ብሯን ሁለት ጊዜ ልካላቸዋለች። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል። የኔትወርክ ክፍያ ስትልኩ ከራሳችሁ ዋሌት ይቆረጣል እንጂ ማንም በቴሌግራም አይጠይቃችሁም። ብሔራዊ ባንክም በ2014 ዓ.ም. በክሪፕቶ መገበያየት ሕገወጥ ነው ብሎ አስጠንቅቋል፤ ስለዚህ ከተበላችሁ በኋላ አቤት ማለቱም ይከብዳል።

መፍትሄው፦ አንድ ሳንቲም አትላኩ። የዋሌታችሁን 12 ቃላት (ዋሌቱን የሚከፍቱት ሚስጥራዊ ቃላት) ከጠየቋችሁ ደግሞ መልስ ሳትሰጡ ብሎክ አድርጓቸው።