ለአዲስ የመኝታ ቤት ኃላፊ፦ ከራት እስከ መብራት ማጥፊያ

በአዳሪ ትምህርት ቤት የመኝታ ቤት ኃላፊ ሆኜ ስሠራ 14 ዓመት ሆነኝ። የምኖረውም ከልጆቹ ጋር፣ በዚያው ኮሪደር ጫፍ ባለችው ክፍል ነው። ዘንድሮ 42 ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ትንሹ 11 ዓመቱ፣ ትልቁ 18። አዲስ የተመደቡ ባልደረቦች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ደንብ ነው። በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? ስልክ መቼ ይሰበሰባል? ያረፈደ ምን ይደረጋል? ደንቡ አንድ ገጽ ነው፤ በሳምንት ውስጥ ትለምዱታላችሁ። እኔ መንገር የምፈልገው ከራት እስከ መብራት ማጥፊያ ስላለችው ሰዓት ነው። ልጆቹ አብረው የሚኖሩ ይሁኑ ወይም አንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ብቻ፣ የሚለየው እዚያ ነው።

ቀኑን ትምህርት ቤቱ ይዞላችኋል። ክፍል አለ፣ ስፖርት አለ፣ ደወል አለ፤ ልጁ ቤቱን የሚያስብበት ፋታ የለውም። ናፍቆት የሚመጣው እጅ ሥራ ሲፈታ ነው፦ ከራት በኋላ፣ እሁድ ከሰዓት፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ደቂቃዎች። ስለዚህ ዕቅድ ስታወጡ ከትልልቁ በዓልና ከስፖርት ቀን አትነሱ፤ ከእነዚህ ባዶ ሰዓታት ተነሱ።

ከሁሉ በፊት ለእያንዳንዱ ልጅ ሥራ ስጡ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር እንዳይቀላቀልባችሁ፤ ተራ አለ፣ ኃላፊነት አለ። ኮሪደር መጥረግ፣ መታጠቢያ ቤት መወልወል፣ ቆሻሻ ማውጣት ተራ ነው፤ እየዞረ ለሁሉም ይደርሳል። እኔም ቅዳሜ ጠዋት ሲደርሰኝ መወልወያውን እይዛለሁ፤ ልጆቹ ይህን ማየት አለባቸው። ኃላፊነት ግን የአንድ ልጅ ብቻ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ፣ ስሙ ሰሌዳ ላይ ተጽፎ። ኳሶቹን የሚነፋ አለ። የእጅ ባትሪዎቹ መሥራታቸውን በየሳምንቱ የሚሞክር አለ። እንቅልፍ የሚከብዳቸውን ሦስት ልጆች ጠዋት የሚቀሰቅስ አለ። የጨዋታ ቁምሳጥኑን ቁልፍ የያዘ አለ። መለኪያዬ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ልጅ ታሞ ሁለት ቀን ቢተኛ፣ ሥራው ጎድሎበት “የታለ?” ብሎ የሚጠይቅ ይኖራል? የማይኖር ከሆነ የሰጠሁት ሥራ ሥራ አይደለም፤ እለውጥለታለሁ።

ይህን ያስተማረኝ አንድ የስድስተኛ ክፍል ልጅ ነው። ራቱን በልቶ እንደተመለሰ አልጋው ላይ ይወጣና ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። አያለቅስም። ምን ሆንክ ሲባል “ምንም” ነው መልሱ። ኳስ አይወድ፣ ቼዝ አይወድ። በዚያ ሰሞን ከእጥበት ከሚመለሰው ልብስ ውስጥ ጥንዱ የጠፋ ካልሲ በአንድ ከረጢት ተጠራቅሞ ነበር። ከረጢቱን አልጋው ላይ አስቀምጬ “ይሄ ባለቤት ይፈልጋል፤ እኔ ጊዜ አጣሁ” አልኩት። በማግስቱ ከትምህርት ስመለስ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ፣ ከሚስማር ወደ ሚስማር ገመድ ተወጥሯል። 31 ካልሲ በልብስ መቆንጠጫ ተሰቅሏል። ከእያንዳንዱ በላይ ከደብተር የተቀደደች ወረቀት አለች፤ “ተረከዙ የሳሳ፣ ሰኞ የተገኘ” ትላለች አንዷ። ልጆቹ ከራት ሲመለሱ በዚያ ገመድ ሥር ማለፍ ግድ ሆነባቸው። “ይሄ ያንተ አይደለም፣ ያንተ አፉ ላይ ቀይ መስመር አለው” ብሎ ከአንድ የአሥረኛ ክፍል ጎረምሳ ጋር ሲከራከር፣ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ከአፉ ሲወጣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁት። በሦስት ሳምንት ውስጥ የሁሉንም ስም ያውቅ ነበር፤ ሁሉም ደግሞ የሱን።

አዲስ ልጅ ሲመጣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከባድ ናቸው። ከመድረሱ በፊት ስሙ አልጋውና ቁምሳጥኑ ላይ ተለጥፎ ይጠብቀው። የሚያለማምደው ልጅ ስትመርጡ ከአንጋፋዎቹ አትምረጡ፤ ካቻምና ሳይሆን አምና የገባ ልጅ ይሻላል፤ መጀመሪያዋ ሌሊት ገና አልጠፋችውም። ቤት የሚደወልበትን ሰዓት ከመኝታ በፊት አታድርጉት። ድምፅ ሰምቶ ወዲያው ጨለማ ውስጥ መግባት ለትንሽ ልጅ ይከብደዋል። እኔ ከትምህርት በኋላ፣ ከራት በፊት አደርገዋለሁ፤ ስልኩ እንደተዘጋ ገበታ አለ፣ ከዚያ ጨዋታ አለ። ወላጆችን ደግሞ አንድ ነገር ለምኑ፦ “ካልወደድከው መጥቼ እወስድሃለሁ” ብለው ቃል አይግቡ። ልጁ ያንን ቃል ይዞ በር በር ያያል እንጂ ሻንጣውን አይፈታም። ሲናፍቅ ዝም በል አትበሉት፣ በወጉ ይናፍቅ። ግን ከእጁ ሥራ አይጥፋ።

በሳምንት አንድ ቀን፣ ሐሙስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ የቤት ስብሰባ አለን። ከ20 ደቂቃ አያልፍም። በክብ እንቀመጣለን፣ ትንሹ ልጅ መጀመሪያ ይናገራል፣ እኔ መጨረሻ። ቅደም ተከተሉ ዋና ነገር ነው፤ ትልልቆቹ ከጀመሩ ትንንሾቹ “እኔም እንደሱ” ብለው ያልፋሉ። እ.ኤ.አ. በ1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸውን እንዲገልጹና ሐሳባቸውም ክብደት እንዲሰጠው ይደነግጋል። መኝታ ቤት ውስጥ ይህ ማለት የሻወር ሰልፍ ማለት ነው። የኛ ሙቅ ውኃ ለሁሉም አይበቃም፤ ሁልጊዜ የሚበርዳቸው በኮሪደሩ መጨረሻ ያሉት ትንንሾች ነበሩ። እኔ ሰዓት በመመደብ ልፈታው ሁለት ዓመት ደክሜያለሁ። አንድ የ12 ዓመት ልጅ “አንድ ሳምንት ከዚህ ጫፍ፣ አንድ ሳምንት ከዚያ ጫፍ ለምን አንጀምርም?” አለ። በዚያው አለቀ። የተባለውን ሁሉ የሚጽፍ ልጅ ይኑር፤ በሚቀጥለው ሐሙስ ደብተሩ ተከፍቶ ምን ተደረገ፣ ምን ቀረ ይነበብ። ሁለት ሳምንት ተከታትሎ ምንም ካልተደረገ ስብሰባው ሞቷል፤ ልጆቹ ይመጣሉ፣ ግን አይናገሩም።

ስለ ጨዋታ የሠራሁትን ስህተት ልንገራችሁ። በሁለተኛ ዓመቴ የቼዝ ውድድር አዘጋጀሁ፤ 16 ልጆች፣ ጥሎ ማለፍ። በመጀመሪያው ምሽት 8ቱ ወጡ። የወጡት ደግሞ እኔ ልቀርባቸው የፈለግኳቸው፣ ጨዋታውን ገና የሚማሩት ነበሩ። በፍጻሜው ምሽት ከሁለቱ ተጫዋቾች በቀር አራት ልጆች ብቻ ቀርተው ያዩ ነበር። አሁን 16ቱን በ4 ምድብ እከፍላቸዋለሁ፤ በየምድቡ ሁሉም ከሁሉም ይገጥማል። በአንድ ምድብ 6 ጨዋታ፣ በጠቅላላው 24 ይሆናል። ደካማው ልጅም ሦስት ምሽት ወንበር አለው፤ ሦስቱንም ቢሸነፍ ከሦስት ልጆች ጋር ፊት ለፊት ተቀምጧል። ለጠረጴዛ ቴኒስም፣ ለዳማም፣ ለምንም ይህንኑ አድርጉ።

ዝናብ ወይም ብርድ ልጆቹን ቤት ሲዘጋባቸው የምታዩት ጠብ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ መፈናፈኛ ከማጣት ነው። ቅርጫት ኳስ ራሱ ከዚህ ችግር ነው የተወለደው። እ.ኤ.አ. በ1891 ማብቂያ፣ በብርዱ ወቅት፣ በአሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ከተማ ጄምስ ኔይስሚዝ የሚባል መምህር፣ ቤት ውስጥ ተዘግተው የሰለቹ 18 ተማሪዎችን የሚያጫውታቸው አጣ። ሁለት የኮክ መልቀሚያ ቅርጫት ከአዳራሹ በረንዳ ላይ ሰቅሎ፣ 13 ሕግ ጽፎ፣ ዘጠኝ ለዘጠኝ አጋጠማቸው። ለልጆቹ ይህን ነግሬ አንድ ባልዲ፣ አንድ የተጠቀለለ ካልሲና አንድ ወረቀት እሰጣቸዋለሁ፤ “ሕጉን ጻፉ” እላለሁ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ክርክር ነው። ክርክሩን አትቁረጡት፤ የጨዋታው ግማሽ እሱ ነው።

ሁሉም ልጅ ውድድር አይወድም። ለእነሱ አንድ ጥግ ላይ ጠረጴዛ አለኝ፤ 1000 ቁራጭ ያለው የሚገጣጠም ሥዕል ለሳምንታት ተዘርግቶ ይቆያል። ማንም አይጋበዝበትም። የሚያልፍ ልጅ ቆሞ አንድ ቁራጭ ይሞክራል፣ ሌላው አጠገቡ ይቆማል። ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ፣ እጃቸው ሥራ ላይ ሆኖ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው የማይሉትን ይባባላሉ። ስለ አባቱ ሕመም ለመጀመሪያ ጊዜ የነገረኝ ልጅ የሰማይ ቁራጭ እየፈለገ ነበር።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልግባ፤ ስለ ትልልቆቹ ሥልጣን። እ.ኤ.አ. ከ1828 ጀምሮ የእንግሊዙን ራግቢ ትምህርት ቤት የመራው ቶማስ አርኖልድ የቤቱን ሥርዓት የማስከበር አደራ ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች ሰጥቶ ነበር፤ አሠራሩ በብዙ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተስፋፋ። ትልልቆቹን አደራ መስጠት ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። ግን ወሰኑን ያላበጀ ሰው ጌታና ሎሌ ያበጃል። እኔ አንድ ዓመት ድምፁ የሚሰማለትን፣ ቤቱን ጸጥ የሚያደርግልኝን ልጅ አለቃ አድርጌ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ጠዋት እሱ ሩጫ ላይ እያለ በክፍሉ ሳልፍ አልጋው ተነጥፎ አየሁ። የብርድ ልብሱ ጫፍ በሦስት ማዕዘን ታጥፎ ወደ ውስጥ ገብቷል። በዚያ ቤት እንደዚያ የሚያጥፍ አንድ ልጅ ብቻ ነበር፣ የ11 ዓመት ልጅ። ሲጣራ ጫማም ያጸዳ ነበር፣ ውኃም ያመጣ ነበር። ጸጥታውን የወደድኩት ከምን እንደመጣ ሳልጠይቅ ነው፤ ጥፋቱ የኔ ነበር፤ ትንሹንም ይቅርታ ጠየቅኩት።

ከዚያ ወዲህ ሕጉ አጭር ነው። ትልቅ ልጅ አይቀጣም፣ ለግል ጉዳዩ ማንንም አይልክም። ይረዳል፣ ያጅባል፣ ለእኔ ይነግረኛል። እኔም በተለያየ ሰዓት በየክፍሉ እዞራለሁ። በር ሳላንኳኳ ግን አልገባም፤ የግል ሕይወት መከበር ለልጅም መብቱ ነው፣ ኮንቬንሽኑ በአንቀጽ 16 ይለዋል። ልጅ መጥቶ “ቲቸር፣ ለማንም እንዳትናገር ማልልኝ” ቢላችሁ አትማሉ። “የሚጎዳህ ነገር ከሆነ ሊረዳህ ለሚችል ሰው መንገር አለብኝ፤ ከመንገሬ በፊት ግን ላንተ እነግርሃለሁ” በሉት። ጥቂት ያመነታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ይናገራል።

መብራት ማጥፊያ ለሁሉም አንድ ሰዓት አይሁን። ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ላለ ደግሞ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ይመከራል። ጎረምሳው ቶሎ አልተኛም የሚለው በእልኸኝነት ብቻ አይደለም፤ በዚያ ዕድሜ ሰውነት እንቅልፍ የሚጠራውን ሜላቶኒን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመነጭበት ሰዓት ይዘገያል። እኛ ዘንድ ትንንሾቹ ከምሽቱ 2፡45፣ ትልልቆቹ 3፡45 ላይ ያጠፋሉ፤ ሁሉም ከንጋቱ 12፡30 ይነሳል። ትልልቆቹ ያቺን አንድ ሰዓት የሚያገኟት በእግራቸው ጣት እየሄዱ ነው፤ ስምምነቱ ይህ ነው። ስልኮቹ በዚያ ሰዓት እኔ ዘንድ ተቆልፈው ያድራሉ፣ የኔም አብሮ።

በየወሰነ ትምህርቱ አንድ ሌሊት የእሳት አደጋ ልምምድ አድርጉ፣ መብራት ጠፍቶ። ጫማ ከአልጋ ሥር፣ መሰብሰቢያው ቦታ አንድ፣ የስም ዝርዝሩ በእጃችሁ፣ የመውጫው በር ከውስጥ ያለ ቁልፍ የሚከፈት። እዚህ ላይ አትደራደሩ።

ዓመቱ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ኃላፊነቶች ይተላለፋሉ። የሚያስረክበውና የሚረከበው አብረው ሁለት ቀን ይሠራሉ፣ የሁለቱም ስም በደብተሩ ላይ ጎን ለጎን ይጻፋል። የካልሲው ልጅ ሥራውን ሁለት ዓመት ይዞ ያስረከበው ለአንድ አዲስ የ11 ዓመት ልጅ ነው። የክፍሌ በር ክፍት ነበርና ገመዱ ሥር ቆመው ሲነጋገሩ ሰማኋቸው። “ነጭ ካልሲ ላይ ተጠንቀቅ” ይለዋል፤ “ሁሉም የኔ ነው ይልሃል። መጀመሪያ ጥንዱን አምጣና አሳየኝ በለው።”