ጀልባ ጎትቶ ጎርጎራ የሚወርድ ፒክአፕ፦ ችግርና መፍትሄ

ከጎንደር ጎርጎራ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአዘዞ ወጥታችሁ፣ ቆላድባን አልፋችሁ ጣና ዳር ትደርሳላችሁ። መንገዱ አጭር ስለሆነ ሰው ይንቀዋል። ጋራዣችን የሚገቡት ፒክአፖች ግን አብዛኞቹ ከዚሁ መንገድ የተመለሱ ናቸው። አንዱ የዓሣ ማስገሪያ ጀልባ ይጎትታል። አንዱ ካያክ (ጠባብ የመቅዘፊያ ጀልባ) ፖርቶመጋላ፣ ማለትም የጣሪያው መጫኛ ላይ ያስራል። ሌላው ድንኳን ጭኖ ወደ ስሜን ተራሮች ይወጣል። ዘይት፣ ውሃና የጎማ ንፋስ ማየት ታውቃላችሁ፤ እሱን አልደግመውም። የምጽፈው ደጋግሜ የፈታሁትን ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ የተሳቢ ኩሽኔታ፤ በእግሩ ማለትም በጎማው መሃል ተቀምጦ ጎማውን የሚያሽከረክረው ባለ ሮለር ቀለበት።

የተሳቢው አንድ እግር ያጉረመርማል፣ ይፋጃል፣ ግራሶ ይረጫል

ከጎርጎራ ስትመለሱ፣ ቆላድባ ሳትደርሱ፣ ከኋላ የሚያጉረመርም ድምፅ ይጀምራል። ስትፈጥኑ ይጨምራል፤ ስትቀንሱ ይቀንሳል። ብዙ ሰው የጎማ ድምፅ ነው ብሎ ያልፈዋል። እባካችሁ ቁሙ። የእጃችሁን ጀርባ ወደ ቸርኬው መሃል አስጠጉ። መጀመሪያ ሳትነኩ ሙቀቱን ስሙት፤ የነደደ ኩሽኔታ ቆዳ ይልጣል። አንዱ እግር ለብ ብሎ ሌላው የሚፋጅ ከሆነ የሚፋጀው ኩሽኔታ አልቆለታል። ከጎማው ውስጠኛ ጎን የግራሶ ፍንጣቂ ካያችሁ ደግሞ ኦይል ሲሉ፣ ግራሶውን ከውስጥ የሚይዘው የላስቲክ ቀለበት፣ ለቋል።

ሁሉም ሰው መንገዱን ይወቅሳል። እኔ ግን ከፈታኋቸው ኩሽኔታዎች የተማርኩት ሌላ ነው፤ ጉዳቱ የሚጀምረው ሐይቁ ዳር በደረሳችሁበት የመጀመሪያ ደቂቃ ነው። 60 ኪሎ ሜትር የተሽከረከረ እግር ሞቋል። ውስጡ ያለው አየርም ሞቆ ተለጥጧል። እንደደረሳችሁ ተሳቢውን ውሃ ውስጥ ስትገፉት ብረቱ በአንዴ ይቀዘቅዛል። አየሩ ይኮማተርና በኦይል ሲሉ ከንፈር በኩል ውሃ ወደ ውስጥ ይስባል። ያ ውሃ ከግራሶው ጋር ይለወሳል። በሚቀጥለው ጉዞ ኩሽኔታው የሚሽከረከረው በግራሶ ሳይሆን በውሃ ነው። ተሳቢው ግቢ ውስጥ ሁለትና ሦስት ሳምንት ከቆመ ደግሞ ሮለሮቹ ባረፉበት ቦታ ላይ ይዝጋል። ዝገቱ ጉድጓድ ይሆናል፤ ጉድጓዱም ያጉረመርማል።

አንድ ጊዜ በዕድሜ ጠና ያሉ ደንበኛ ተሳቢያቸውን ጎትተው መጡ። የእግሩን ክዳን ስከፍተው የወጣው ግራሶ ነጭ ነበር። ልክ እንደ አሬራ። በጣቴ ሳሸው ይንሸራተታል፣ ግን አይጣበቅም።

«ጋሼ፣ ጎርጎራ ስትደርሱ ምን ያህል ትቆያላችሁ?» አልኳቸው።

«ምን እንቆያለን ልጄ! ዓሣው የሚያዘው በጠዋት ነው። እንደደረስን ጀልባዋን እንለቃታለን።»

ኩሽኔታውን የቀየሩት ከአራት ወር በፊት ነበር። ዋጋ ከፍለው የገዙትን ዕቃ ያጡት ለግማሽ ሰዓት ትዕግሥት ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው መፍትሄ ገንዘብ አይጠይቅም። ስትደርሱ ተሳቢውን ደረቅ ቦታ አቁሙት። የእግሩ መሃል እጅ ተደግፎበት የሚቻል እስኪሆን ድረስ ጠብቁ፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። እስከዚያ ሥራ አለላችሁ። ማሰሪያዎቹን ፍቱ፣ የጀልባዋን የውሃ ማፍሰሻ ታፖ (ውታፍ) ግጠሙ፣ የመብራቱን ሶኬት ንቀሉ፣ መረቡን አስተካክሉ። ስትገፉም ጀልባዋ እስክትንሳፈፍ ብቻ ግፉ። ተሳቢውን ሙሉ በሙሉ ማስመጥ አያስፈልግም።

ውሃ ከገባ በኋላስ? እንግዲህ መፍታት ነው። እያንዳንዱ እግር ሁለት ኩሽኔታ አለው፤ ውስጠኛው ተለቅ ይላል፣ ውጭኛው አነስ ይላል። አንዱ ከሄደ ሁለቱንም ቀይሩ። ኦይል ሲሉን ደግሞ ምንም ደህና ቢመስል መልሳችሁ አትግጠሙት። በናፍጣ እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ። በኮምፕረሰር አየር እያሽከረከራችሁ አታድርቁ! ሮለሩ ተስፈንጥሮ ዓይን ያጠፋል። ከዚያ ብርሃን ላይ እዩት። ብረቱ ሰማያዊ ከመሰለ ተቃጥሏል። ጥፍራችሁ የሚይዘው ጉድጓድ ካለውም ይጣል።

ኩሽኔታ ሲቀየር የተቀመጠበት ውጭኛው ቀለበትም አብሮ ይቀየራል። ይህን የሚዘሉ መካኒኮች አሉ፤ ቀለበቱን መንቀል ስለሚያደክም። አዲስ ሮለር በተጎዳ ቀለበት ላይ ማስኬድ አዲሱን መግደል ነው። አዲሱን ቀለበት ስታስገቡ አሮጌውን ላዩ ላይ አድርጋችሁ ዙሪያውን በእኩል ምቱት። ሲገባ ድምፁ ክፍት ነው። መጨረሻ ሲደርስ ድምፁ ይቀየራል፤ ጥብቅና ቀጭን ይሆናል። ያንን ድምፅ እስክትሰሙ አታቁሙ።

ግራሶ መሙላትም በጣት ጫፍ ቀብቶ መተው አይደለም። መዳፋችሁ ላይ ግራሶ አድርጉ። የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን መዳፋችሁ ላይ እየጫናችሁ ግራሶው በሌላው ጎን በሮለሮቹ መካከል ብቅ እስኪል ድረስ ግፉት። እያዞራችሁ ዙሪያውን በሙሉ ሙሉት። ውሃ የሚቋቋም ግራሶ ግዙ። አሮጌውን ሙልጭ አድርጋችሁ ሳታወጡ ሌላ ዓይነት አትቀላቅሉ፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ይቀጥኑና ይፈሳሉ። በግራሶ መርጫ ያለ ልክ መጠቅጠቅም ኦይል ሲሉን ወደ ኋላ ይገፈትረዋል።

እግሩን አክስሉ ላይ የሚይዘውን ዳዶ ስታጠብቁ እግሩን እያዞራችሁ ጥብቅ አድርጉት፤ ሮለሮቹ ቦታቸውን ይይዛሉ። ከዚያ ሙሉ በሙሉ አላሉትና በጣታችሁ ብቻ መልሳችሁ አጥብቁ። የሚቆልፈውን ሽቦ አዲስ አስገቡ። አሮጌ ሽቦ አቃንቶ መመለስ በሰው ሕይወት መጫወት ነው። ሲያልቅ አዘዞ ድረስ ነድታችሁ ቁሙና ዳስሱ። ሁለቱም እግሮች ለብ ካሉ ሥራው ተሳክቷል።

ስለ ዕቃው አንድ ነገር ልበል። ገበያው በፎርጅድ ኩሽኔታ ተሞልቷል። ካርቶኑ ያምራል፤ የታወቀ ስም ታትሞበታል። ኩሽኔታውን አውጡና ጠርዙ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር እዩ። ቁጥሩ ከአሮጌው ጋር ካልገጠመ፣ ወይም በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ቀለም ከሆነ መልሱ። ጣታችሁ ላይ አድርጋችሁ አሽከርክሩት፤ አሸዋ የገባበት ያህል ከኮረኮረ መልሱ። ሻጩ ቢቆጣም መልሱ። ጀልባ ጭኖ ቁልቁለት ላይ ጎማ የተነቀለበት ተሳቢ አይቻለሁ። መንገዱ ላይ ልጆች ፍየል ይጠብቁ ነበር። ማንም አልተነካም፤ ግን እስካሁን አልረሳሁትም።

አንድ ወጣት ደግሞ በአንድ በጋ ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ሁሌም ያው እግር፣ ሁሌም ግራሶ ይረጫል። ሁለት ጊዜ ኦይል ሲል ቀይሬ ሸኘሁት። በሦስተኛው ጥፍሬን አክስሉ ላይ ሳስኬደው ቀጭን ቦይ ላይ ቆመ። ኦይል ሲሉ የሚቀመጥበት ቦታ ተበልቷል። ሥሩ ላይ የመረብ ክር ተጠምጥሞ፣ የደረቀ የእምቦጭ ሥር ተጣብቆበት ነበር። እየዞረ ብረቱን እንደ ሞረድ በልቶታል። ቶርኖ ቤት ወስደን ስስ ቀለበት አለበስነው። ከዚያ ወዲህ ደረቅ ነው። እምቦጭ ያለበት ዳርቻ ከገባችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ የአክስሉን ውስጠኛ ጎን አጽዱ። ክር በእጅ አትጎትቱ፤ ቁረጡት።

ተሳቢው ከኋላ እንደ ጅራት ይወዛወዛል

ክብደቱ ወደ ኋላ አድልቷል። የጀልባ ሞተር ከኋላ ስለሆነ ይህ የተለመደ ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው የፒክአፑ መጎተቻ ላይ ማረፍ አለበት። 600 ኪሎ ከጎተታችሁ ከ60 እስከ 90 ኪሎ ማለት ነው። የእህል ነጋዴ ሚዛን ላይ የተሳቢውን አፍ አሳርፋችሁ ልትመዝኑት ትችላላችሁ። ቤንዚኑንና የበረዶ ሳጥኑን ወደ ፊት አምጡ። መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን አትርገጡ፣ መሪም በድንገት አታዙሩ። ነዳጅ ለቃችሁ በራሱ ይቀንስ።

ደባርቅ ሲወጣ ሞተሩ ይሞቃል

ጎንደር ላይ ችግር የሌለበት መኪና ዳገቱ ላይ ውሃ ይተፋል። መጀመሪያ የራዲያተሩን ክዳን ጠርጥሩ። ከፍታው ሲጨምር ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ጎንደር ላይ 93 ዲግሪ ገደማ፣ ስሜን ተራሮች ውስጥ ያለው የሳንቃበር ካምፕ ላይ ደግሞ 89 ዲግሪ ገደማ። ጤነኛ ክዳን ግፊት ይዞ የመፍያ ነጥቡን ከ100 በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ግን አይዝም። ርካሽ ዕቃ ነው፤ ቀይሩት። ቀጥሎ የራዲያተሩን ክንፎች እዩ። የመኸር ወቅት ገለባና አቧራ ይደፍናቸዋል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ በቀስታ በሚፈስ ውሃ እጠቡ። የጋለ ክዳን አትክፈቱ። አትክፈቱ!

ካምፕ ካደሩ በኋላ ሁሉም ሰው ራሱን ያመዋል

ሳንቃበር ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ከፍታው ብቻውን ራስ ያሳምማል። ግን ማታ ካሶኒው (የፒክአፑ የኋላ መጫኛ) ላይ ሸራ ዘግታችሁ ከሰል አስገብታችሁ ከነበረ ከፍታው ነው ብላችሁ አትለፉት። ወዲያው ውጡ፣ ንጹህ አየር ውሰዱ፣ ያልነቃ ሰው ካለ ጎትታችሁ አውጡት፣ ወደ ሐኪም ሂዱ። የከሰሉ መርዝ አይሸትም። ከሰል ሸራ ውስጥ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ጋቢና ውስጥ አይገባም። የደከመ ፍምም ቢሆን አይገባም። ብርዱን በብርድ ልብስና በጋቢ ቻሉት።

ካያኩ ፖርቶመጋላው ላይ ያፏጫል፣ ይንቀጠቀጣል

ማሰሪያው ጠፍጣፋ ሆኖ ንፋሱን ይመታል። አንዴ ወይም ሁለቴ አጣምራችሁ እሰሩት፤ ፉጨቱ ይጠፋል። የፊቱን አፍንጫ ደግሞ ከመኪናው ፊት ጋር ለብቻው እሰሩ። ፕላስቲክ ፀሐይ ላይ ስለሚለሰልስ ከልክ በላይ አታጥብቁ። ቆላድባ ላይ አንዴ ቁሙና ፈትሹ።

የተሳቢው መብራት ይጠፋል፣ ፍሬቻው ከስቶፑ ጋር አብሮ ይበራል

ማሳው ነው፤ ከተሳቢው ብረት ጋር የሚታሰረው ሽቦ። ሽቦው የታሰረበትን ብሎን ፍቱ፣ ዝገቱን ፍቁ፣ መልሳችሁ እሰሩ። ፊውዝ ሲቃጠል በሽቦ አትተኩ።

ክረምት ላይ ደምቢያ ውስጥ ይሰምጣል

ዋልካው፣ የሚያጣብቀው ጥቁር ጭቃ፣ የጎማውን ጥርስ ይሞላዋል፤ ከዚያ ጎማው በሳሙና ላይ እንደቆመ ነው። ፎር ባይ ፎሩን ከመግባታችሁ በፊት አስገቡ። የድሮ ፒክአፕ ያላችሁ ወርዳችሁ የፊት እግሩን በእጅ ቆልፉ፤ ይህን ረስቶ «ፎሩ አይሠራም» ብሎ የሚመጣ ብዙ ነው። ከሰመጠ ደግሞ ነዳጅ እየረገጣችሁ አትቆፍሩ።

አልፎ አልፎ የማያቸው

ጀልባ ስታወጡ የተቃጠለ ሽታ፦ ፍሪሲዮን ነው፤ በከባዱ ፎር ባይ ፎር አውጡ።

ካሶኒው ከሥሩ ይዝጋል፦ የዓሣው በረዶ ውሃ ነው፤ የማፍሰሻ ቀዳዳዎቹን ክፈቱ፣ ቤት ስትገቡ እጠቡ።

ከሐይቁ ሲወጣ ፍሬን አይዝም፦ የኋላው የፍሬን ሸራ ረጥቧል፤ ሰው በሌለበት በዝግታ እየነዳችሁ ፔዳሉን ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ፣ ሞቆ ይደርቃል። ካልያዘ ጉዞ አትጀምሩ።