ያልተጠበቀ ትወናን እንዴት እንመዝን? የቫሩን ዳዋን «ኦክቶበር» እንደ ማሳያ

በቀልድና በዳንስ የለመድነው ተዋናይ አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲመጣ «ይህ ሰው እንዲህም ይችላል እንዴ?» ብለን እንደነቃለን። ሆኖም መደነቅ ሌላ፣ ትወናን መመዘን ሌላ ነው፤ ያስደነቀን ነገር የተዋናዩ ሥራ ይሁን የዳይሬክተሩ ወይም የሙዚቃው ለመለየት ትንሽ ዝግጅት ያስፈልጋል። ለዚህ ልምምድ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ኦክቶበር» የተሰኘ የሂንዲ የፍቅር ድራማ መርጫለሁ። ፊልሙን ያዘጋጀው ሹጂት ሲርካር፣ የጻፈችው ጁሂ ቻቱርቬዲ ስትሆን፣ መሪ ተዋናዩ ቫሩን ዳዋን ነው።

በቅድሚያ ተዋናዩ የታወቀበትን ሥራ ይመልከቱ። ቫሩን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ አባቱ ዴቪድ ዳዋን ባዘጋጀው «ጁድዋ 2» በተሰኘ ኮሜዲ ላይ መንታ ወንድማማቾችን ሆኖ ተጫውቷል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል፤ ሙሉውን ይዩ ብዬ አላስቸግርዎትም። እጆቹን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ፣ በምን ፍጥነት እንደሚናገርና ዓይኑ የት እንደሚያርፍ በወረቀት ላይ ይጻፉ። ይህ ማስታወሻ ከሌለዎት «ተለውጧል» ማለትዎ ማስረጃ አይኖረውም። በ2015 በወጣው «ባድላፑር» ላይም ኮሜዲ ብቻ እንደማይችል አሳይቶ ስለነበር ችሎታው ከባዶ የመጣ አይደለም። ልዩነቱ በዚያኛው ፊልም ሐዘኑ በቁጣና በበቀል መውጣቱ ሲሆን፣ በ«ኦክቶበር» ግን የሚበቀለው ሰው የለውም።

አሁን ወደ ዋናው ፊልም ይለፉ። የህንድ ፊልም ሲባል ዘፈንና ጭፈራ የሚጠብቅ ተመልካች እዚህ አያገኛቸውም። ቫሩን የሚጫወተው ዳን በዴልሂ በሚገኝ ትልቅ ሆቴል የሚሠለጥን፣ ደንብ የማይወድና ነጭናጫ ወጣት ነው፤ መጀመሪያ ላይ ቢያናድድዎት ፊልሙን አይዝጉት፣ ማናደዱ ታስቦበት ነው። በአዲስ ዓመት ዋዜማ ግብዣ ላይ የሥራ ባልደረባው ሺዩሊ ከሕንፃው ላይ ወድቃ ራሷን ትስታለች። ዳን በቦታው አልነበረም። ከመውደቋ በፊት «ዳን የት ነው?» ብላ መጠየቋን የሚሰማው በኋላ ነው። ፍቅረኛሞች አልነበሩም፣ የቅርብ ጓደኞችም አልነበሩም፤ ታዲያ ለምን ጠየቀችው?

ያን ወሬ የሚሰማበትን ትዕይንት ሁለት ጊዜ እንዲያዩት እመክራለሁ፤ አንዴ እንዳለ፣ ሁለተኛውን ድምፁን አጥፍተው። ፊቱ ያለ ቃል ከነገረዎት ምስጋናው የተዋናዩ ነው፤ ድምፁ ሲጠፋ ትዕይንቱም አብሮ ባዶ ከሆነብዎት ደግሞ ሥራውን የሠሩት ቃላቱና የሻንታኑ ሞይትራ ሙዚቃ ነበሩ ማለት ነው። እኔ በፊቱ ላይ ያየሁት ከሐዘን ይልቅ ሒሳቡ የተምታታበት ሰው ግራ መጋባት ነው፤ ትወናውን ያስወደደኝም ይኸው ነው።

በሆስፒታሉ ትዕይንቶች ላይ በየጉብኝቱ ከአልጋው ምን ያህል ርቆ እንደሚቆምና ጥያቄዎቹ እንዴት እንደሚለዋወጡ ይከታተሉ። የልጅቷ አጎት ሕይወቷን ያቆየው መሣሪያ እንዲነቀል ሐሳብ ሲያቀርብ፣ ዳን እንደ ጀግና ንግግር አያደርግም፤ እንደ ግትር ልጅ ይከራከራል። ሺዩሊን የምትጫወተው ባኒታ ሳንዱ ከዚህ ፊልም በፊት በሌላ ፊልም ላይ ሠርታ አታውቅም ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ የምትተውነው በአልጋ ላይ ተኝታ በዓይኖቿ ነው። ስለዚህ ቫሩን በሌሎች የፍቅር ፊልሞች እንደሚሆነው ቃል ሰጥቶ ቃል አይቀበልም፤ ትዕግሥቱን መመዘን ያለብን በዚህ ነው። የሺዩሊ ስም የተወሰደው በመጸው ወራት ሌሊት ፈክቶ ጎሕ ሲቀድ ከሚረግፍ አበባ ነው። አበባውን ወደ አልጋዋ ሲያመጣው ፊቱን ሳይሆን እጆቹን ይመልከቱ፤ በ«ጁድዋ 2» ላይ ማረፊያ ያጡት እጆች ናቸው።

እንከን አላየሁበትም አልልም። ለሥራ ወደ ተራራማው አካባቢ በሄደበት ክፍል ናፍቆቱን ይበልጥ የነገረኝ የአቪክ ሙኮፓድያይ ካሜራ ነው፤ የተዋናዩ ዝምታ እዚያ ላይ ባዶነት ሆኖ ታይቶኛል። እርስዎ ላይስማሙ ይችላሉ። ፊልሙ እንዳለቀ የመጀመሪያውን ማስታወሻ ያውጡና ስለ እጆቹ፣ ስለ አነጋገሩና ስለ ዓይኖቹ ከጻፉት ጎን አዲስ ያዩትን ይሙሉ፤ ይህንንም የሌላ ሰው አስተያየት ከማንበብዎ በፊት ያድርጉት።